የሠራተኛው ስልክ፣ የድርጅቱ መረጃ

አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ የሽያጭ ሠራተኛችን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ስልኩን ከእጁ መንጭቀውት ሮጡ። ለደንበኛ መልስ እየጻፈ ስለነበር ስልኩ አልተቆለፈም። እኛ የሰማነው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ከእሱ ቴሌግራም «የባንክ ሒሳባችን ስለተቀየረ ክፍያ በዚህ ቁጥር አስገቡ» የሚል መልእክት ለደንበኞቻችን ሲላክ ሰንብቷል። ብዙዎቹ ተጠራጥረው ተዉት። አንድ የቆየ ደንበኛችን ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ 96,000 ብር አስገባ። «ከልጃችሁ ስልክ ነው የመጣልኝ» አለን፤ እውነቱን ነው። ጋሼ፣ የድርጅቱን ባለቤት ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ ዕቃውን አስጭነው ላኩለት፤ ኪሳራውን ድርጅቱ ያዘው።

ልጁን ለብቻው ይዤ «አርብ ማታውኑ ለምን አልደወልክም?» ስለው አንገቱን ደፍቶ «ከደመወዜ ትቆርጣላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለኝ። ከዚያ በፊት የመጋዘን ታብሌት የሰበረ ሠራተኛ ተቆርጦበት ስለነበር ያለ ምክንያት አልፈራም። ስለ ስልክ ደኅንነት እስከዚያ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ሶፍትዌር ነበር። እኛን የጎዳን ግን ያ የዝምታ ሁለት ቀን ተኩል ነው።

እኔ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት የአይቲውን ሥራ ብቻዬን እሠራለሁ። ሱቁ መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነው። ከ34 ሠራተኞቻችን 19ኙ ኦዱን (ሽያጫችንን የምንመዘግብበትን ሶፍትዌር)፣ የድርጅቱን ኢሜይልና ቴሌግራም በገዛ ስልካቸው ይከፍታሉ። ለሁሉም የድርጅት ስልክ ይገዛ የሚል ሐሳብ አንዴ ተነስቶ ዋጋው ሲሰላ ቀርቷል። እንደ እኛ ላላችሁ ይጠቅማችሁ እንደሆነ፣ ከዚያ ሰኞ በኋላ ያደረግነውን በተራው እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን አንሱ

ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ጻፍን። ዋናው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ስልኩ የተሰረቀበት ወይም የጠፋበት ሠራተኛ እንዳወቀ ወዲያው ካሳወቀ፣ በድርጅቱ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት አይጠየቅም፤ ከደመወዙም አይቆረጥበትም።» ባለቤት ይህን መፈረም ሊከብደው ይችላል። ጋሼንም ከብዷቸው ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አወጣን። አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ከልጁ ደመወዝ ሲሶ እየቆረጥን 96,000 ብሩን ለመመለስ ስንት ወር እንደሚፈጅ አብረን ስንቆጥር ከሁለት ዓመት አለፈ። ያኔ ፈረሙ።

በዚያው ገጽ ላይ ድርጅቱ የሚሰጠውም ተጽፏል፦ ለ19ኙ ሰዎች በየወሩ የኢንተርኔት ጥቅል። ሰው በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ካርዱ እየሠራልን ደንብ ብቻ ብናሸክመው አግባብ አይሆንም ነበር።

ከገጹ ጋር የመታወቂያ መጠን ያላት፣ በላስቲክ የታሸገች ካርድ ለእያንዳንዳቸው ሰጠን። ላይዋ ላይ የእኔ ቁጥር፣ የሒሳብ ሹሟ ቁጥርና 994 አለ። ይህች ካርድ ከሶፍትዌሩ ሁሉ በላይ ጠቅማናለች። ስልኩ የተነጠቀ ሰው ከመንገደኛ ስልክ ይዋሳል፤ ግን የማንንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም፣ ሁሉም ቁጥር ያለው በተነጠቀው ስልክ ውስጥ ነው። ካርዷ የምትቀመጠው በኪስ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከስልኩ ሽፋን ጀርባ የሚከትታት ሰው አይጠፋምና ስትሰጡ ደግማችሁ ንገሩ።

ማን ምን እንደሚከፍት እወቁ

እያንዳንዱን ሰው ሩብ ሰዓት አስቀመጥኩ። ስልኩን እሱ ይዞ፣ እሱ እየከፈተ ያሳየኛል፤ እኔ አልነካም። የሰው ስልክ ተቀብላችሁ መጎርጎር ከጀመራችሁ ሁለተኛ እውነቱን አያሳያችሁም። የመዘገብኩት የስልኩን ዓይነት፣ የአንድሮይዱን ቁጥር፣ የሚከፍታቸውን ሲስተሞችና *#06# ሲደወል የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ነው። የመጨረሻው ለፖሊስ ሲያመለክት ያስፈልገዋል፤ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ካርቶኑን መፈለግ መከራ ነው።

የጠበቅሁት ችግር ኦዱ ላይ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው። የግዢ ዋጋችን ጭምር ያለበት የኤክሴል ዝርዝር በቴሌግራም ግሩፕ ተልኮ በአሥራ አንድ ሰው ስልክ ውስጥ ወርዷል። የደንበኞች የባንክ ደረሰኝ ፎቶ በየጋለሪው በመቶ የሚቆጠር አለ፤ የአንዳንዱ ወደ ግል ጎግል ፎቶስ ባክአፕ ሆኗል። ሲስተሙን በቁልፍ ዘግተን መረጃውን በመስኮት ስንወረውር ኖረናል ማለት ነው። ፋይል በቴሌግራም መላክ ቀርቶ ዝርዝሩ በድርጅቱ ጎግል ድራይቭ ላይ ተቀመጠ፤ የሚላከው ሊንክ ብቻ ሆነ። ሊንኩም የሚከፈተው በድርጅቱ አካውንት ለገባ ሰው ነው፣ ማውረድና መቅዳትም ተዘግቷል። ስክሪንሾት ማንሳት ይችላሉ፤ ቢሆንም ሙሉ ዝርዝሩ በማንም ስልክ ውስጥ ተኝቶ አይከርምም። ደረሰኝ ደግሞ ኦዱ ላይ ከሽያጩ ጋር ከተያያዘ በኋላ ከጋለሪ ይጠፋል። ይህ ልማድ እስኪሆን ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብናል፤ እስካሁንም የሚረሳ አለ።

ሲስተሙ ላይ የሚደረገው

ሦስት የሱቅ ሠራተኞች በአንድ ዩዘር ይገቡ ነበር። የኦዱ ኢንተርፕራይዝ ክፍያ በተጠቃሚ ቁጥር ስለሆነ ለመቆጠብ ተብሎ ነው። ነገር ግን የአንዷ ስልክ ሲጠፋ ሦስቱንም ማስወጣት ግድ ይሆናል፤ ማን ምን እንደቀየረም አይታወቅም። ለእያንዳንዱ የራሱ ዩዘር ይከፈት። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ቀጥሎ መብት ቀንሱ። ኦዱ ሽያጭ ላይ አንድን ሠራተኛ የራሱን ሰነዶች ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል፤ ዝርዝርን ወደ ኤክሴል የማውጣት መብትም ለብቻው የሚሰጥና የሚነሳ ነው። እኛ ዘንድ ይህ መብት የቀረው ለሦስት ሰው ነው። የተሰረቀ ስልክ ከባለቤቱ በላይ ማየት አይችልምና፣ እዚህ ላይ የቀነሳችሁት ሁሉ ሌባው የማያገኘው ነው።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኦዱ ላይ ከስሪት 14 ጀምሮ አለ። ከፓስወርዱ በኋላ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ምን እንደሚያድንና ምን እንደማያድን ግን እወቁ። ፓስወርድ ሲሰረቅ ያድናል። ቁጥሩን የሚያወጣው አፕ በዚያው በተነጠቀው፣ ባልተቆለፈው ስልክ ውስጥ ካለ ብዙም አይረዳም።

ስልኩ ላይ የሚደረገው

እዚህ ላይ ከሠራተኛው የምንጠይቀው ጥቂት ነው፤ ስለጠቀመውም ነው የተቀበለው። ባለ 6 አሃዝ ፒን ወይም አሻራ፤ ስክሪኑ በ30 ሰከንድ ራሱን እንዲቆልፍ፤ በተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክቱ ይዘት እንዳይታይ። ስዕል እያሰመሩ የሚከፈተውን አልመክርም፤ ታክሲ ውስጥ ከጎን የተቀመጠ ሰው በአንድ ጊዜ ይይዘዋል።

የሲም ፒን፣ ሲሙ ራሱ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ የሚጠይቀው የሚስጥር ቁጥር፣ ነገር ግን በቃል አስረድቼ ሰው አልገባውም። ስለዚህ ስብሰባ ላይ አሳየሁ። አንዷ ባልደረባችን ፈቀደችልኝና ስልኳን ቆልፋ ሲሟን አውጥታ ሰጠችኝ። ሲሙን የእኔ ትርፍ ስልክ ውስጥ ከተትኩት፤ ቴሌግራም ከፍቼ ቁጥሯን አስገባሁና መግቢያ ኮዱ በኤስኤምኤስ እንዲመጣልኝ ጠየቅሁ። ኮዱ በእኔ እጅ ላይ ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስልኳ እንደተቆለፈ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እኔ ግን ገብቻለሁ። በዚያው ቀን 19ኙም የሲም ፒን አበጁ። ስታደርጉት ተጠንቀቁ፦ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ፐክ የሚባለውን ሌላ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፣ ፐኩን አሥር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ከነጭራሹ ይሞታል። ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ።

አንድሮይድ 10ና ከዚያ በላይ የሆኑ ብዙ ስልኮች ደግሞ የጎግል ሴቲንግ ውስጥ የስርቆት ጥበቃ የሚል ክፍል አላቸው። አንዱ ስልኩ ከእጅ ተመንጭቆ ሲሮጥበት ወይም በሞተር ሲከነፍ ከእንቅስቃሴው ለይቶ ስክሪኑን ይቆልፋል። ሌላው ባለቤቱ ከማንኛውም ስልክ አንድሮይድ ዶት ኮም ስላሽ ሎክ ላይ ገብቶ በስልክ ቁጥሩ ብቻ እንዲቆልፈው ያስችላል፤ የጂሜይል ፓስወርድ ማስታወስ አያስፈልግም። ሁለቱም አስቀድመው ካልተከፈቱ አይሠሩም። በመገናኛው ልጅ ስልክ ላይ ይህ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለ አፕ፦ እኛ አገር አፕ ከሰው ስልክ በዜንደር መቀበል፣ ከቴሌግራም ቻናል ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ማውረድ፣ ስልክ የገዙበት ሱቅ አሥር አፕ ጭኖ ሲሰጥ መቀበል የተለመደ ነው። ዳታ ውድ ነበርና አልፈርድም። በ2015 ሶሻል ሚዲያ በተገደበ ጊዜም ሁሉም ሰው ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ጭኗል፤ ብዙዎቹ ዛሬም እዚያው ስልክ ውስጥ አሉ። ደንባችን አጭር ነው፦ ኦዱ የሚከፈትበት ስልክ ላይ አፕ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይጫናል፣ የባንክና የቴሌብር አፕ በተለይ። አክሰሲቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ምንነቱ ያልታወቀ አፕ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ። ያንን ፈቃድ ያገኘ አፕ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ያነባል፣ በእናንተ ቦታም ይነካል።

የሥራውን ከግሉ መለየት

የድርጅቱ ኢሜይል ጎግል ወርክስፔስ ላይ፣ ማለትም ጎግል ለድርጅቶች በሚሸጠው አገልግሎት ላይ ነው። መሠረታዊው የስልክ አስተዳደር ለእኛ በቂ ሆኗል፦ የስክሪን ቁልፍ የሌለው ስልክ የድርጅቱን አካውንት እንዳይከፍት ያደርጋል፣ ስልክ ሲጠፋም የድርጅቱን አካውንት ብቻ ከስልኩ ላይ ያጠፋል። ከፍ ባለው ፓኬጅ የሥራ ፕሮፋይል ይገኛል። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ የሥራ አፖች ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይዘው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ድርጅቱ የሚያዝበትም ያንን ክፍል ብቻ ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ይህ ይሻላል። ሜሞሪያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ግን አይቀበሉትም፤ ከመክፈላችሁ በፊት የሠራተኞቻችሁን ስልኮች አይታችሁ ወስኑ።

ከቴክኒኩ ይልቅ ያስቸገረኝ ጥርጣሬው ነው። ገንዘብ ያዣችን «የልጆቼን ፎቶ ልታዩ ነው?» ብላ አልፈርምም አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው። የራሴን ስልክ መጀመሪያ አስመዘገብኩና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙሬ አድሚኑ የሚያየውን አሳየኋት፦ የስልኩ ሞዴል፣ የአንድሮይዱ ስሪት፣ የድርጅቱ አካውንት መጨረሻ የተናበበበት ቀን። ፎቶ የለም፣ ሜሴጅ የለም፣ የት እንደዋልኩ የለም። ያየችውን በገጹ ላይ ጻፍነው፣ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አናጠፋም የሚለውንም ጨምረን። ፈረመች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ ይህ ከጨዋነትም በላይ ነው፤ የሠራተኛውም ሆነ የደንበኛው መረጃ እጃችሁ ላይ ሲገባ ኃላፊነት አለባችሁ።

ቴሌግራም

ሽያጫችን ግማሹ የሚሄደው በቴሌግራም ነው፤ አትጠቀሙ ብል የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ በድርጅቱ ስም ሁለት ሲም ወጥቶ የሽያጭ አካውንቶች ተከፈቱ። ሠራተኛው አካውንቱን በራሱ ስልክ ላይ ጨምሮ ይሠራበታል፣ ሲሙ ግን ቢሮ ካዝና ውስጥ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርዱን የማውቀው እኔና የሒሳብ ሹሟ ነን።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን እንዲያስወጣ ወዲያው አይፈቅድለትም። ስልኩ ከተሰረቀ በኋላ በአዲስ ስልክ ገብታችሁ ሌባውን ላስወጣ ብትሉ ጠብቁ ይላችኋል። ስለዚህ ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ በችግር ጊዜ ከዚያ ሆኖ የጠፋውን ስልክ በአንድ ጠቅታ ማስወጣት ይቻላል።

ለደንበኞቻችን ደግሞ በየደረሰኙ ግርጌ ታትሞ ይሄዳል፦ «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን በቴሌግራም መልእክት አይቀየርም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰዎት በቢሮው ስልክ ደውለው ያረጋግጡ።» ይህን ለማተም አንድ ሳንቲም አልወጣም።

ስልክ ሲጠፋ

ሠራተኛው የሚጠበቅበት አንድ ስልክ መደወል ነው። ከዚያ 994 ደውሎ ሲሙን ያዘጋ፣ ባንኩን ያሳውቅ፤ የራሱን ገንዘብ ሳያድን የድርጅቱን አድን አይባልም። የድርጅቱን ሥራ የደወለለት ሰው ይሠራል።

ቅደም ተከተሉ ላይ መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። ስልኩን ከሩቅ ማጥፋት ላይ እሮጥ ነበር፤ ነገር ግን ያ ትእዛዝ የሚደርሰው ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፣ ሌባ ደግሞ መጀመሪያ ሲሙን ይነቅላል። ስለዚህ ከሲስተሙ በኩል ዝጉ። ኦዱ ላይ ዩዘሩን አርካይቭ አድርጉት፤ ስልኩ በርቶም ጠፍቶም መግባት አይችልም። ከዚያ ቴሌግራሙን ከቢሮ ኮምፒውተር አስወጡ። ከዚያ የወርክስፔስ ፓስወርድ ለውጡ። አካውንቱን ከስልኩ የማጥፋት ትእዛዝ የመጨረሻው ነው፤ ሲደርስ ይድረስ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሒሳብ ሹሟ ያ ሠራተኛ ለሚይዛቸው ደንበኞች ትደውላለች። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለታችን ጠረጴዛ ላይ አለ። እኔ ክፍለ ሀገር ብሆን እሷ ታደርገዋለች፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የውሸት ስርቆት አድርገን ስንለማመድ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባት።

ሳይጠፋ ከእጅ የሚወጣ ስልክ

መስታወቱ የተሰበረ ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ሠሪው የመክፈቻውን ቁጥር ጠይቆ በፕላስተር ጽፎ ጀርባው ላይ ይለጥፋል። ስልኩም ያንን ለጥፎ መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጋር ይውላል። ሠሪው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ግን ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነበዋል። ወደ ጥገና ከመሄዳችሁ በፊት የድርጅቱን አካውንት ከስልኩ አውጡ፤ ሲመለስ ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳምሰንግ ከሆነ ሜንቴናንስ ሞድ የሚባለውን ብትከፍቱ ሠሪው የግል ነገራችሁን ሳያይ ይሠራል።

አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌው ለታናሽ ወንድም ወይም ለእናት አገር ቤት ይላካል። የመጋዘን ኃላፊያችን ስልኩን ለእህቱ ሰጥቶ፣ ከሰባት ወር በኋላ የኦዱ ሴሽኑ፣ ማለትም በዚያ ስልክ የገባበት አካውንት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ሆኖ አገኘሁት። እህቱ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ለዚህ ነው በየሦስት ወሩ የተከፈቱ ሴሽኖችንና የተመዘገቡ ስልኮችን ከሠራተኞች ስም ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ የማመሳክረው። የማላውቀው ስልክ ካለ ባለቤቱን ጠርቼ እጠይቃለሁ።

ሥራ የሚለቅ ሰው ደግሞ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል፦ ንብረት ክፍል፣ ሒሳብ ክፍል፣ መጋዘን። እዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስጨመርን፣ «የድርጅቱ አካውንቶች ከግል ስልክ ወጥተዋል»፣ ከጎኑ የእኔ ፊርማ። ሰውየው ፊቴ ቆሞ ራሱ ያወጣል፤ እኔ ዩዘሩን እዘጋለሁ፤ ፈርሜ እሰጠዋለሁ።